የላቢብ ምርኩዝ

በሽተኛ ሁሉ ለምን አራተኛ ፎቅ ላይ እንደሚኖር እስከ ዛሬ አልገባኝም። ጤነኛው ምድር ቤት ቁጭ ብሎ ሻዩን ይጠጣል፤ ወገቡን የያዘው፣ አስም ያለበት፣ እግሩ የማይታዘዘው ግን ሁልጊዜ ከደረጃው ጫፍ ነው። እኔ ናርጊስ ይህን የማውቀው በጉልበቴ ነው። ባሌ ካረፈ ወዲህ በሚንያ ከተማ፣ በሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ሕሙማን ጠያቂ ሆኜ ስንት ደረጃ እንደወጣሁ የሚያውቀው ጌታ ብቻ ነው፤ እሱም በወዲያኛው ዓለም ምድር ቤት እንደሚሰጠኝ ተስፋ አለኝ።

እኛ ዘንድ ለዚህ አገልግሎት የቆመች ሴት «ታሶኒ» ትባላለች፤ በጥንቱ በቅብጥ ቋንቋችን «እህቴ» ማለት ነው። ታሶኒ ብቻዋን ሰው ቤት አትገባም። ጌታ ደቀ መዛሙርቱን ሁለት ሁለት አድርጎ ነው የላካቸው ይላሉ አቡና ቢሳንቲ፣ ቄሳችን። በተለይ አንደኛዋ ያላገባች ከሆነች፣ ሁለተኛዋ እንደ እኔ ያለች ዐይኗ የማይተኛ አሮጊት መሆን አለባት። እኔ የተመደብኩት ከፌብሮንያ ጋር ነበር።

ፌብሮንያ የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ነች። እምቢ ማለት አልፈጠረባትም። ገበያ ስንወጣ ከሁሉ የጠወለገውን ጎመን የምትገዛው እሷ ነች። ለምን ስላት «ታሶኒ ናርጊስ፣ እኛ ካልገዛናት ማን ይገዛታል?» ትለኛለች፤ ስለ ሻጯ ይሁን ስለ ጎመኗ ጠይቄያት አላውቅም። ጠይም፣ ቀጠን ያለች፣ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍን ልጅ ነች። ሰው ሲያወራት አንገቷን ዘንበል አድርጋ ዐይን ዐይኑን እያየች ታዳምጣለች። በዚህ አስተያየቷ ምክንያት ስንቱ በሽተኛ የሌለበትን ሕመም ጨምሮ አውርቷል።

አንድ ጉድለት ብቻ አለባት፤ ምግብ አትችልም። ጾም ሲገባ የምስር ሾርባ ሠርታ በድስት ይዛ ትዞራለች። ያ ሾርባ አንዳንዴ ጨው ይበዛዋል፣ አንዳንዴ ያርራል፣ አንዳንዴ ሁለቱንም ይሆናል። በሽተኞቻችን «ጌታ ይስጥሽ» ብለው ይቀበሉና እኛ ስንወጣ ለድመት ይሰጡታል። ድመቶቹም ያን ቀን ይጾማሉ።

እውነቱን ፊት ለፊት የነገራት ዓሚ ፋኑስ ብቻ ነው፤ «ዓሚ» የምንለው «አጎቴ» ለማለት ነው። ዓሚ ፋኑስ ጡረታ የወጣ ባቡር ነጂ ነው፤ እግሮቹ ከከዱት ቆይቷል፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ አዎ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻውን ይኖራል።

«ጌታዬን በመስቀል ላይ ሆምጣጤ አጠጡት» አላት አንድ አርብ፣ ማንኪያውን እያስቀመጠ፣ «እኔን በአልጋዬ ላይ ይሄን ታጠጪኛለሽ።»

ፌብሮንያ አፏን ሸፍና ሳቀችና ጨመረችለት።

ይህ ሰው በዓለም ላይ አንድ ፍርሃት ብቻ ነበረው። በሕማማት ሳምንት ለሞተ ሰው ፍትሐት አይደረስም፤ ስለዚህ በሆሳዕና ቅዳሴው እንዳበቃ በዚያ ሳምንት ለሚሞቱ ሁሉ አስቀድሞ ይጸለያል። ሕዝቡ ዘንባባውን እንደያዘ ቆሞ የራሱን ፍትሐት ይሰማል። ያለፈው ዓመት ዓሚ ፋኑስ የሚያወርደው ሰው አጥቶ ቀረ። ሳምንቱን ሙሉ እንዳይሞት ሲጠነቀቅ ከረመ፤ ትን እንዳይለው ብሎ ሻዩን እንኳ በማንኪያ ነበር የሚጠጣው።

«ዘንድሮ እኔ አወርድዎታለሁ» አለችው ፌብሮንያ።

«በምንሽ? በዚህ ክንድሽ?»

«ጌታ ያውቃል።»

«ጌታማ ያውቃል። ደረጃው ነው የማያውቀው።»

«ቃሌ ነው» አለችው። እሱም ቃሏን ተቀብሎ ዓመቱን ሙሉ በእሱ ኖረ።

ላቢብ ወደ ሕይወታችን የገባው ከገና ጾም ትንሽ ቀደም ብሎ ነው። የመጋረጃ ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ እናቱ ካረፈች ወዲህ ከሱቁ በላይ ባለው ክፍል ብቻውን ይኖራል። አንዲት ገዢ ከላይኛው መደርደሪያ ያለውን አውርድልኝ ብላው መሰላል ወጣ፣ ወደቀ፣ እግሩ ተሰበረ። ሴትየዋም «ቀለሙን አልወደድኩትም» ብላ ሄደች።

አቡና ቢሳንቲ ላኩንና ሄድን። በሩ ክፍት ነበር። እግሩ በጄሶ ተጠቅልሎ ትራስ ላይ ተሰቅሏል፤ ጢሙ አድጓል፤ ቤቱ ውስጥ በየወንበሩ ላይ የጨርቅ ቁራጭ ተደርድሯል። ፌብሮንያ ገብታ «እግዚአብሔር ይማርዎት» ስትለው ቀና አለ። ዝም ብሎ አያት። እሷም ድስቱን እንደያዘች ቆመች። እኔ ጉልበቴ ስለሚያመኝ ተቀመጥኩና ሁለቱንም ማየት ጀመርኩ።

«መውደቁስ እንዴት ነበር?» አለችው በመጨረሻ።

«ጥሩ ነበር» አለ።

ከዚያ ሾርባውን ሰጠችው። ላቢብ ጠጣው። እኔ ትንፋሼን ያዝኩ። ጨረሰውና ሳህኑን አቀበላት፤ «ካለ ይድገሙኝ» አላት። በዚያ ሾርባ ታሪክ ይድገሙኝ ያለ ሰው አልነበረም። ደረጃውን ስንወርድ ለራሴ፣ ይህ ልጅ ከመሰላሉ ሲወድቅ ወይ ምላሱ ተጎድቷል፣ ወይ አሁን እዚህ ወድቋል አልኩ።

ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ አርብ አርብ ሄድን። እሱ ስለ ደንበኞቹ እያወራ ያስቃታል፤ ባሏ ከሞተ በኋላ ቤቷን ሁሉ ቀይ መጋረጃ ስላለበሰችው ሴትዮ፣ ጨርቁ ቢያጥርበት መስኮቱን ላስጠብበው ስላለው ሰውዬ። እሷ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ትሰማለች። እሱ «ታሶኒ ፌብሮንያ፣ እርስዎ» ይላታል፤ እሷም «አቶ ላቢብ፣ እርስዎ» ትለዋለች፤ ዐይኖቻቸው ግን እርስዎ አይባባሉም ነበር።

ጄሶው ተፈታ። ላቢብ ምርኩዝ ያዘ። ዐቢይ ጾም ገባ፤ ምርኩዙ አልተለቀቀም። «ሐኪሙ ምን አለ?» ስንለው «እግር ነገሩ…» ይልና ጭንቅላቱን ይነቀንቃል። በዚያው ሰሞን ደግሞ ፌብሮንያ መንገዳችንን ቀየረች። ድሮ ከዓሚ ፋኑስ ጀምረን በላቢብ ነበር የምንጨርሰው፤ «በላቢብ ብንጀምር መንገዱ ይቀርባል» አለችኝ። መንገዱ እንደማይቀርብ ጉልበቴ ያውቃል፤ ዝም አልኩ። በላቢብ እንጀምራለን፣ ወሬው ይረዝማል፣ ይመሻል። ሁለት አርብ የዓሚ ፋኑስን በር ሳናንኳኳ ወደየቤታችን ገባን።

የጉዱ ቀን ረቡዕ ነበር። በጾሙ የሥራ ቀናት ጠዋት ስግደት እንዳለ የታወቀ ነው። ላቢብ በወንዶቹ በኩል፣ ለደካሞች በተደረደረው ወንበር ላይ፣ ምርኩዙን ከጎኑ ወንበሩ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል። እኔና ፌብሮንያ በሴቶቹ በኩል ነን። አቡና ቢሳንቲ «ጉልበታችንን እናንበርክክ» ሲሉ ሕዝቡ ሁሉ ወረደ።

ላቢብም ወረደ። ከልጅነቱ ጀምሮ የሰገደ ሰው ነው፤ ያ ድምፅ ሲጠራ ሰውነቱ ባለቤቱን አይጠይቅም። ግንባሩን ምድር አስነካ፣ ቀጥ ብሎ ተነሳ፣ ደገመ፣ ሠለሰ። በሦስተኛው ላይ ምርኩዙ ከወንበሩ ተንከባሎ ንጣፍ በሌለው በኩል ወለሉ ላይ ጓ ብሎ ወደቀ።

ሁሉም መጀመሪያ ምርኩዙን፣ ቀጥሎ ላቢብን አየ። ከዚያ አንዲት የዋህ ሴት ከኋላችን «ተአምር! አንካሳው ሰገደ!» ብላ እልልታዋን አቀለጠችው። ሌሎቹም ተቀበሏት። ላቢብ በእልልታው መካከል ሽንኩርት እንደሚልጥ ሰው ዐይኑ ቀልቶ ቆመ። አቡና ቢሳንቲ ከመቅደሱ በር አዩትና ጢማቸውን ዳሰስ አድርገው ጸሎታቸውን ቀጠሉ።

እልል ያላለችው ፌብሮንያ ብቻ ነበረች።

አርብ እንደ ወትሮው ድስቷን ይዛ፣ እኔን አስከትላ፣ ቤቱ ገባች። ምርኩዙ ጥግ ላይ ቆሟል።

«እንኳን ጌታ ማረዎት» አለችው። ድስቱን አላስቀመጠችም።

«ታሶኒ ፌብሮንያ፣ እኔ…»

«ተአምሩ ረቡዕ ነው የተደረገው ወይስ ቀደም ብሎ?»

እኔ ሳቄን ለመዋጥ መጋረጃውን መመርመር ጀመርኩ።

«ቀደም ብሎ» አለ ላቢብ።

«ምን ያህል ቀደም ብሎ?»

«ጾሙ ሳይገባ።»

ፌብሮንያ ድስቱን በሁለት እጇ አጥብቃ ያዘች። «ዓሚ ፋኑስ በር በሩን እያየ እንደሚውል ያውቃሉ? እኛ እዚህ የእርስዎን ጤነኛ እግር ስንጠይቅ እሱ ውሃ የሚያቀብለው ሰው አልነበረም። የእሱን አርብ ነው የሰረቁት።»

«አላወቅኩም። በጌታ አላወቅኩም። ግን ድኛለሁ ብል ትመጪ ነበር?»

«አልመጣም። ጤነኛ አንጠይቅም።»

«ታዲያ ምን ላድርግ? እንደገና ልሰበር?»

«እንደ ሰው ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ቆመህ ሰላም አትለኝም ነበር?»

አንተና አንቺ መባባል የጀመሩት እዚህ ላይ ነው። እነሱ ልብ አላሉትም፤ እኔ ግን ቆጠርኩት።

«ሰላም ብልሽ ምን ዋጋ አለው?» አለ ላቢብ፤ ድምፁ ከፍ አለ። «ለሁሉም ሰላም ትያለሽ። ለሁሉም ትስቂያለሽ። ያን ሾርባሽን ለሁሉም ትሰጫለሽ። አንድ ቀን ደግ ስትሆኚልኝ ለእኔ ነው ወይስ ለነፍስሽ ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። አግቢኝ ብልሽ እንኳ፣ ‹ምስኪን፣ እምቢ ብለው ይከፋዋል› ብለሽ እሺ እንዳትይኝ ነው የምፈራው!»

ከታች መንገድ ላይ የሎሚ ሻጭ ሲጮህ ይሰማል። ፌብሮንያ ድስቱን ወደ ደረቷ አስጠጋች።

«እምቢ» አለች።

«ምኑን? ገና መቼ ጠየቅኩሽ?»

«አስቀድሜ ነው!»

ዞር ብላ ድስቷን እንደያዘች ወጣች። ላቢብ ከነሾርባው ነው ያጣት፤ ከሾርባው መዳኑን ግን በዚያ ሰዓት ልብ ያለው አይመስለኝም።

ደረጃው ላይ ደረስኩባት፤ ድስቱን ታቅፋ ታለቅሳለች። እኔ ደግሞ ከጎኗ ተቀምጬ በልቤ እልል አልኩ። ስንት ተሳዳቢ በሽተኛ አብረን ችለናል መሰላችሁ! ትራስ የወረወረባት አለ፣ እናቷን የሰደበባት አለ። ሁሉንም «አሞት ነው» ብላ ታልፋለች፤ ቂም የላትም፣ ደረጃውን ሳንጨርስ ትረሳዋለች። በዚህ ልጅ ግን ተቆጣች። እኔ ስንት ዓመት አብሬያት ስዞር ስትቆጣ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

በማግስቱ ላቢብ ቤቴ መጣ። ያለ ምርኩዝ።

«ታሶኒ ናርጊስ፣ ምን ይሻለኛል?»

«ሽማግሌ እንዳትልክ ብቻ። አሁን ብትልክ ድስቱን በሽማግሌዎቹ ላይ ትደፋዋለች።»

«ዓሚ ፋኑስ ቤት ልሂድ? ሠርቼ ላብላው፣ ልጠበው?»

«ለእሷ ብለህ ከሆነ አትሂድ። እሱም ያው ምርኩዝ ነው።»

«ለማን ብዬ ልሂድ ታዲያ?»

በዚህ ጊዜ ተናደድኩ። የተማረ ሰው፣ ሱቅ ያለው ሰው! «ሽማግሌው ርቦታል!» አልኩት። «ይሄ አይበቃህም?»

አንገቱን ደፍቶ ሄደ። ያንኑ ዕለት ከሰዓት የዓሚ ፋኑስን በር እንዳንኳኳ በኋላ ከሁለቱም አፍ ሰምቻለሁ።

«ማነህ?» አለ ዓሚ ፋኑስ ከአልጋው ሆኖ።

«ላቢብ ነኝ። መጋረጃ ሻጩ።»

«አርቤን የሰረቅከው?» ጉዱን አስቀድሜ የነገርኩት እኔ ነበርኩ።

«አዎ፣ እኔ ነኝ። ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት።»

«ምግብ ትችላለህ?»

«እናቴ አስተምራኛለች።»

«ግባ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓሚ ፋኑስ ተሾመበት። ሽንኩርቱ ደህና አልተጠበሰም፣ ትራሱ ተገለበጠ፣ ጺሜን ስትላጭ ጆሮዬን አትንካ። ላቢብ ሱቁን እየዘጋ ይመጣል፤ ሩዝና ምስር ቀላቅሎ ኩሻሪ ይሠራል፣ ባቄላ በከሙን ይቀቅላል፣ አንሶላ ያጥባል፣ ሽማግሌውን በጀርባው አዝሎ መስኮቱ ጋ ወስዶ የባቡሩን ድምፅ ያሰማዋል። አርብ አርብ ግን እኛ ከመድረሳችን በፊት ይሰወራል። ፌብሮንያ መንገዱን መልሳ ከዓሚ ፋኑስ መጀመር ከጀመረች ወዲህ ቤቱ ጸድቶ፣ ሰውዬው ወዝቶ ስታገኘው ግራ ገባት።

«ማን ነው የሚያበስልልዎት?»

«ጌታ ለኤልያስ ቁራ ላከለት አይደል? ለእኔም ልኮልኛል።»

«ቁራው ሽንኩርት ጠብሶ ነው የሚያመጣው?» አልኩ እኔ። ዓሚ ፋኑስ አፈጠጠብኝ። እሷ ወደ ማድቤት ስትገባ ጠጋ ብዬ «ለምን አትነግራትም?» አልኩት።

«አብደሻል? ብነግራት እሱን ታባርርና ሾርባዋን ታመጣለች!»

ሆሳዕና ደረሰ። ፌብሮንያ ቃሏን አልረሳችም፤ አራት ጎረምሶችና አንድ ጠንካራ ወንበር አዘጋጅታ ነበር። ግን ሆሳዕና ሆሳዕና ነው። ሰው ዘንባባውን እየነሰነሰ፣ ዘንባባ ጎንጉኖ የሠራውን መስቀልና ቅርጫት ከፍ አድርጎ ሲጋፋ፣ ዲያቆናቱ አራቱንም ጎረምሶች ሕዝቡን እንዲያስተናግዱ ወሰዷቸው። ቅዳሴው ወደ መጨረሻው ሲቃረብ ፌብሮንያ ዞር ብላ ብታይ ወንበሩ ግቢው ውስጥ ባዶውን ቆሟል።

«ታሶኒ ናርጊስ! ፍትሐቱ!»

እጄን ይዛ በረረች። እኔ እንደዚያ ሮጬ አላውቅም፤ የሠርጌ ዕለት እንኳ አባቴ ሲጠራኝ ቀስ ብዬ ነው የሄድኩት።

ደረጃው ሥር ስንደርስ ከላይ ድምፅ ሰማን።

«ኧረ ቀስ! ፍትሐቴን ሳልሰማ ልትገድለኝ ነው!»

ሁለተኛው ፎቅ ላይ አገኘናቸው። ዓሚ ፋኑስ አዲስ ጀለቢያውን ለብሶ፣ ዘንባባውን በጥርሱ ነክሶ፣ ለመናገር ሲል እያወጣ፣ ላቢብ ጀርባ ላይ ታዝሏል። ላቢብ ትከሻውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ቆሟል፤ ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል።

ፌብሮንያ ከሥራቸው ቆመች። እሱ አያት። እሷ አየችው። ዓሚ ፋኑስ በተራ ሁለቱንም አየ።

«ቁራው አንተ ነህ?» አለች።

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ለምን ቆምክ?»

«እግሬን ያዘኝ።»

ፌብሮንያ ቅንድቧ ወደ ላይ ወጣ። «እግርህን?»

«እውነቴን ነው።»

«እንደዚያኛው እውነት?»

ላቢብ በሐሰት ሲያነክስ ሁሉም አምኖታል፤ አሁን እውነት ሲያመው የሚያምነው ጠፋ። ከንፈሩን ነክሶ አንድ ደረጃ ወረደ። ከዚያ ሌላ። ፊቱ ዐመድ መሰለ።

«ልጄ፣ አስቀምጠኝ» አለ ዓሚ ፋኑስ፤ ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ለስልሶ። «ስትንቀጠቀጥ እኮ ይሰማኛል።»

«አላስቀምጥዎትም። ካስቀመጥኩዎት መልሼ ማንሳት አልችልም። ፍትሐቱ ያልፍዎታል።»

ይህን ሲል ፌብሮንያን አላያትም። የሚያየው የሚቀጥለውን ደረጃ ነበር። እሷ ግን እግሩን ትታ ፊቱን አየች፤ አይታ አይታ ዐይኗ እንባ ሞላ።

«በቃ ቁም» አለችው። «እጅህን አምጣ።»

ልጆች ሳለን ጓደኛችንን ስንሸከም የምንሠራትን ወንበር ታውቋታላችሁ። አንዱ የሌላውን አንጓ ይይዝና አራት እጅ ተቆላልፎ መቀመጫ ይሆናል። ዓሚ ፋኑስን እዚያ ላይ አስቀመጥነው፤ አንድ ክንዱን በላቢብ አንገት፣ አንዱን በፌብሮንያ አንገት ጣለ፤ እኔ ከኋላ ጀርባውን ደገፍኩ። እንዲህ ሆነን ወርደን ዘንባባ ሻጮች የሞሉበት ጠባብ መንገድ ውስጥ ገባን።

ያላገባች ታሶኒ ከመጋረጃ ነጋዴ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዛ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በሆሳዕና ቀን፣ በሰፈራችን መሐል ስታልፍ አስቡት! ሴቶቹ ከየመስኮቱ አንገታቸውን አወጡ። ግን ምን ይባላል? በተያያዙት እጆች ላይ እኮ ዓሚ ፋኑስ ተቀምጧል። ለመልካም ምግባር የቆምኩት እኔም ከኋላቸው አለሁ፤ የሚያስነውር ነገር አላየሁም።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለ ላቢብ እያለከለከ።

«አሁን?»

«እጅሽን ሌላ ጊዜ የት አገኘዋለሁ? እኔ ቤት ስትመጪ ለጌታ ብለሽ ነበር ወይስ…»

ፌብሮንያ ወደ ፊት እያየች መለሰችለት።

«መጀመሪያ አካባቢ ለጌታ ብዬ ነው። ከዚያ በኋላ ላለው ንስሐ ገብቻለሁ።»

ላቢብ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። ዓሚ ፋኑስ «ኧረ እጃችሁን!» ብሎ ጮኸ።

«መንገዱን የቀየርኩት እኔ ነኝ» ቀጠለች። «አንተ ያመኛል አልክ፤ እኔ መንገዱ ይቀርባል አልኩ። አይቀርብም። ያን ቀን ያለቀስኩት ባንተ ተናድጄ ብቻ መሰለህ?»

«ቆዩ፣ ቆዩ» አለ ዓሚ ፋኑስ። ወደ ግራ አየ፣ ወደ ቀኝ አየ። «እኔን ያስራባችሁኝ ሁለታችሁም ናችሁ ማለት ነው?»

«ሁለታችንም ነን ዓሚ ፋኑስ። ይቅር ይበሉን።»

«እላያችሁ ላይ ተቀምጬ ምን ልል ነው? ከጣላችሁኝ አበቃልኝ! ይቅር ብያለሁ፣ ፍጠኑ!»

ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ የዜማው ድምፅ ተለወጠ። የሆሳዕና የደስታ ዜማ አብቅቶ ያ የምናውቀው የሐዘን ዜማ ሊጀመር ነው። ፍጥነታችንን ጨመርን። ላቢብ እያነከሰ፣ የእውነት እያነከሰ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ ተናገረ።

«ፌብሮንያ፣ አግቢኝ። አዝነሽልኝ ከሆነ ግን እምቢ በይኝ። እለምንሻለሁ፣ ከአዘኔታሽ እምቢታሽ ይሻለኛል።»

ታሶኒ አላላትም። ስሟን ብቻ ነው የጠራው። ፌብሮንያ ዘወር ብላ በሽማግሌው ደረት በኩል አየችው፤ ፊቷ ላይ እንባም ሳቅም ነበረ፤ አፏን የምትሸፍንበት እጅ ግን አልነበራትም።

«እኔ ሾርባ ለሁሉም ሰው እሰጣለሁ» አለችው። «ድስቱን የቀማሁት አንተን ብቻ ነው።»

ላቢብ ሳቀ። እኔም ከኋላ ሳቅኩ። ዓሚ ፋኑስ ብቻ «እሺ ማለቷ ነው ወይስ እምቢ?» ብሎ ጠየቀ።

«እሺ ነው» አለች ፌብሮንያ።

ልክ የመቅደሱ መጋረጃ ሲዘጋና አቡና ቢሳንቲ የፍትሐቱን ጸሎት ሲጀምሩ ደረስን። ዓሚ ፋኑስን የመጨረሻው አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጥነው። ዐይኖቹን ጨፍኖ፣ ዘንባባውን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው አዳመጠ። እንባው በተላጨው ጉንጩ ላይ ወረደ። ብቻውን ለዓመታት ጣሪያ ሲያይ የኖረ ሰው፣ ሺህ ሰው ስለ ነፍሱ አብሮት ሲጸልይ ሲሰማ ምን እንደሚሰማው እኔ አላውቅም። ያን ቀን ግን ፊቱን አይቼ እኔም አለቀስኩ። ላቢብና ፌብሮንያ በግራና በቀኙ ቆመዋል፤ ከጀርባው የተያያዘው እጃቸው ገና አልተላቀቀም። እኔም አላየሁም።

ጸሎቱ ሲያበቃ አቡና ቢሳንቲ ሕዝቡን ጠበል እየረጩ ወደ ኋላ መጡ። ዓሚ ፋኑስን ሲያዩ ፊታቸው በራ፤ አንድ እፍኝ ሙሉ ረጩት።

«ዓሚ ፋኑስ! ደረሱልን! ይኸው ዘንድሮ እፎይ ይበሉ።»

ዓሚ ፋኑስ ውሃውን ከቅንድቡ ጠረገ። መጀመሪያ ላቢብን፣ ቀጥሎ ፌብሮንያን አየ፤ ከዚያ የአቡናን እጅጌ ጎተተ አድርጎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አቡና፣ ይሄ ፍትሐት ሳልሞትበት ብቀር ለከርሞ ይተላለፍልኛል?»

«ለምን?»

«ከትንሣኤ በኋላ ሠርግ አለብኝ።»